የቁንጥጫ ድምፅ

ሄራን ናታን ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ሦስቱም የሥራ ባልደረቦቿ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉ በአንድ አፍ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አለች ሄራን፤ አፏ ለምዶባት። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደገባ አየች። ማንም የለም። ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ማሽኑ ብቻውን ጥግ ጥጉን ይዞ ይንፏቀቃል።

በዚህ በር ሃያ ስድስት ዓመት ገብታለች። አንድም ቀን ተነስተውላት አያውቁም። ለምን ይነሳሉ? ለቤት ሰው ማን ይነሳል? በሌላ ቀን ቢሆን ኤልዳና አንገቷን ከመዝገቡ ሳታነሳ «ዛሬም አረፈድሽ?» ትላታለች፤ ሄራን አርፍዳም ሳታረፍድም። ሄራንም «አንቺ እዚሁ አድረሽ ነው እንጂ!» ብላ ቦርሳዋን ትሰቅላለች። በቀበሌው መዝገብ ክፍል የሥራ ቀን የሚጀመረው እንዲህ ነበር። ዛሬ ግን ኤልዳና ሸሚዟን እያስተካከለች ቆመች፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ በተለጠፈችው፣ ታዛቢ በምትባለው ካሜራ ላይ እንደተከለች፣ «ይቀመጡ» አለቻት።

ይቀመጡ! ሄራን ቃሉን በልቧ ሁለት ጊዜ ደገመችው። አንድ ክፍል ተምረው ያደጉ ሴቶች ናቸው። የኤልዳናን ልጅ ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ተጣልተው አንድ ወር ሙሉ በተኳረፉ ጊዜ እንኳ የተኳረፉት «አንቺ» ተባብለው ነው። «እርስዎ» መባል ከስድብ እኩል የሚያምበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«ወይዘሮ ሄራን፣ እንዴት አደሩ?» አሉ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ማክቤል። ትናንት «ሄርዬ፣ እስቲ ያቺን ፋይል ወዲህ በያት» ያሉ ሰው ናቸው። ያፌት፣ የማሽኑ ሠራተኛ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ወንበሯ ላይ ነጭ ትራስ ተደርጎበታል።

ሄራን ትራሱን ሳትነካ የወንበሩ ጫፍ ላይ አረፈች። ማታ ከሥራ ስትወጣ ቤተኛ ነበረች፤ ጠዋት እንግዳ ሆናለች። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ስሟን አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር ወደ ጥቅምት መመለስ ያስፈልጋል።

አገሩ የሚመርጠው በተራ ነው። አራቱ ክልሎች በየሁለት ወሩ እየተቀባበሉ ምክር ቤታቸውን ይመርጣሉ፤ መጨረሻ ላይ፣ በሰኔ፣ አገሩ በሙሉ ባንድ ቀን ይመርጣል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ኮሮጆውና ፖሊሱ ከክልል ክልል እየዞረ እንዲያገለግል ነበር። ሕዝቡ ግን ለሕጉ ሌላ ጥቅም አገኘለት። ዋናው ሰኔ ነው፤ የክልሉ ምርጫ ማንን ይገድላል? ስለዚህ መንገዱ ሲበላሽ፣ ውኃ ሲጠፋ፣ ሹሙ ሲጠግብ፣ ሰው የክልል ድምፁን ወስዶ ለማይረባ ፓርቲ ይሰጥና «ቆንጥጫቸዋለሁ!» ብሎ ቤቱ ይገባል። የቁንጥጫ ድምፅ ይሉታል። ልጅ ጭኑን እንደሚቆነጠጠው ማለት ነው፤ እንዲያመው እንጂ እንዲጎዳ አይደለም።

ከማይረቡት ፓርቲዎች አንዱ የቤተኞች ፓርቲ ነበር። ቤተኞች አይጮኹም። ማንንም አይሰድቡም። ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ ነው፤ መፈክራቸውም «እንግዳን እናክብር» የሚል ነው። ይህን የሚቃወም ሰው ከየት ይመጣል? ቤተኛ ማለት አያቱ በክልሉ አፈር ያረፈ ሰው ነው ይላሉ። የቀረው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይከበራል።

በጥቅምት ላይኛው ሸለቆ መረጠ። ቤተኞች ከመቶ ስድስት አገኙ፤ ሰዉ ሳቀ። ነገር ግን አሸናፊው ፓርቲ መንግሥት ለመመሥረት ሁለት ወንበር ጎደለውና ቤተኞችን ጠራቸው። በለውጡ የመስተንግዶ ቢሮን ሰጣቸው። «ምን ያመጣሉ? ሻይ ይቅዱ!» ተባለ። በታኅሣሥ ተራው የሐይቅ ዳር ክልል፣ የእነ ሄራን ሲሆን፣ ቤተኞች እነዚያ እብዶች መሆናቸው ቀርቶ የላይኛው ሸለቆ መንግሥት አጋር ሆነው መጡ። ጋዜጠኞቹ «ክቡር» እያሉ ጠየቋቸው። ከመቶ አሥራ አራት አገኙ፤ እዚህም የመስተንግዶ ቢሮ ተሰጣቸው። በየካቲት ምሥራቅ ሜዳ ሃያ ሦስት ሰጣቸው። በሚያዝያ ደቡብ ቆላ ሠላሳ አንድ። የሳቀው ሰው መሳቁን ያቆመው በየትኛው ወር እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

የመስተንግዶ ቢሮ ሥራውን የጀመረው ከሰልፍ ነው። እንግዳ በሰልፍ አይጉላላም፤ ክንዱ ላይ ነጭ ሪባን ያስራል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያልፋል። በሄራን ከተማ በሸንበቆ ሪባን የደረሳቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። ቀጥሎ እንግዳ በቀበሌ ጽዳት አይደክምም ተባለ። ከዚያ በስብሰባ እጁን አውጥቶ አይደክምም፤ በፍርድ ቤት ምስክርነት አይደክምም፤ በትምህርት ቤት ኮሚቴ አይደክምም። ቢሮ ሲገባ ይነሱለታል፣ «ኖር» ይሉታል፤ እሱ «በእግዜር» ብሎ ካላስቀመጣቸው በስተቀር መቀመጥ ክብር መንፈግ ነው፤ ክብር የነፈገውንም ታዛቢ ትመዘግበዋለች። በሚያዝያ መጨረሻ የወጣው መመሪያ አንድ መስመር ብቻ ነበር። እንግዳ በሰኔው ምርጫ ድምፅ በመስጠት አይደክምም።

መዝገቡ የሚዘጋው ግንቦት ሠላሳ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የዚያን ዕለት ሳይጻፍ የቀረ፣ ሁልጊዜም ሳይጻፍ የቀረ ነው።

ሄራን ይህንን ሁሉ ከመስኮቷ ሆና ነው ያየችው። ቤተኛነትን የሚመሰክረውን የአፈር ወረቀት የምትሰጠው እሷ ነበረች። ሰው ይመጣል፤ የአያቱን ስም ይነግራታል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን የቀብር መዝገብ ትገልጣለች። የአያቱን ስም ካገኘች ማኅተም። ካላገኘች «ይቅርታ፣ አያትዎ እዚህ አላረፉም» ትላለች፤ ለስለስ አድርጋ፤ ድምፅዋን ለዚህ ዓረፍተ ነገር ለብቻው አዘጋጅታለታለች። መቶ አሥራ ስምንት ሰው በዚህ ድምፅ መልሳለች። ከእነሱም አንዷ ሶልያና የምትባል አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ የሸንበቆን ልጆች እኩሌታ ያዋለደች ሴት። ሶልያና «አመሰግናለሁ» ብላ ሪባኗን ይዛ ወጣች። ሄራን የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ በማግስቱ ግን በላች።

የራሷን አያት ማንም አልጠየቃትም። አያቷ ደረጀ ድልድይ ሠሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሐይቁን ተሻግረው መጥተው፣ የሸንበቆን ሁለት ድልድዮች ሠርተው፣ ወልደው ከብደው፣ እዚሁ ሞቱ። ሲሞቱ ግን «ሬሳዬን ወደ አገሬ» ብለው ነበር። የሸንበቆ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ሬሳቸውን በጀልባ ጭኖ፣ እያለቀሰ ማዶ ወስዶ በተወለዱበት ቀበራቸው። በከተማው እንደዚያ ያለ ሽኝት ታይቶ አይታወቅም። የከተማው ሰው በሙሉ በአንድ ቀን፣ በፍቅር፣ የልጅ ልጃቸውን እንግዳ አደረጋት ማለት ነው፤ ያኔ ማን ያውቃል?

ይህን የሚያውቅ ሰው ሸንበቆ ውስጥ ብዙ ነው። መዝገቡን ከፍቶ ማረጋገጥ የሚችለው ግን የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ብቻ ነው። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ በሄራን አንገት፣ አንዱ በኤልዳና።

ሄራን መጠርጠር የጀመረችው ግን ዛሬ አይደለም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰላም አልነበራትም።

መዝገብ ክፍል የሚሠራ ሰው በሕግ የምርጫ አስፈጻሚ ነው። ሄራን ለሃያ ዓመታት ያህል የምርጫ ጣቢያ አራት ጸሐፊ ነበረች፤ ወረቀቱን እያነሳች የምታነበው፣ ውጤቱን ጽፋ በበሩ ላይ የምትለጥፈው እሷ ናት። በታኅሣሥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መረጠ። ለቤተኞች አርባ አንድ። አርባ አንዱንም ወረቀት በእጇ ይዛቸዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሯ ሰፈር መሆኑ ቀረ። ዳቦ ቤት ስትገባ ባለዳቦው ከአርባ አንዱ አንዱ ይሆን? ትላለች። በአውቶቡስ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ፈገግታዋ ለምን በዛ? ጎረቤቷ ሽሮ ሲልክላት ለምን ዛሬ ላከ? ብላ ክዳኑን ከፍታ ታሸትታለች። ጥርጣሬ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፤ አንድ ደብተር ገዛችና ስም መጻፍ ጀመረች። ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ስትጽፍ፣ በግንቦት መጀመሪያ ስሙ አርባ ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ማክቤል። ዘጠነኛው ላይ ያፌት። ኤልዳናን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሰርዛታለች።

አርባ አንደኛውን መገመት አላስፈለጋትም። አርባ አንደኛዋ ራሷ ነበረች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። በኅዳር የክልሉ መንግሥት ጀልባውን ቀነሰ። በየቀኑ ይሻገር የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሄራንም በአያቷ ሙት ዓመት ማዶ ሳትሻገር ቀረች። በሃያ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወደቡ ላይ ሻማና ጧፏን ይዛ ሁለት ሰዓት ቆማ ተመለሰች። በታኅሣሥ ድምፅ መስጫው ውስጥ ስትገባ ያ ንዴት አልበረደላትም ነበር። ለማን ልስጠው ብላ ከላይ እስከ ታች አየች፤ መንግሥትን ይበልጥ የሚያሳምሙት ቤተኞች መሰሏት። ጭሬው ልሂድ፣ ከሰኔ በፊት ይማራሉ፣ አለች። ማታ ኮሮጆው ሲከፈት ጭረቷን አወቀቻት፤ ጅራቷ ረዘም ያለች ናት። ሳትንተባተብ «ቤተኞች» ብላ አነበበቻት።

ማክሰኞ ያ «ኖር» ከተባለ በኋላ ሄራን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ምንም አልሠራችም። ሊያሠሯትም አልፈለጉም። ፋይል ልታነሳ ስትል ያፌት ቀድሟት ያነሳል። «ይተዉት፣ ይደክምዎታል።» እስክሪብቶ ስትይዝ ጋሽ ማክቤል ይስቃሉ። «እንግዳችን ደግሞ፣ ሥራ ይወዳሉ!» ኤልዳና ዓይኗን ከጠረጴዛዋ አላነሳችም። ሰዎቹ ለምሳ ሲወጡ ሄራን ወደ ኋላ ቀረች፤ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣችና ሣጥኑን ከፈተች።

የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ገመድ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምትቋጥረው። አሁን አንድ ጊዜ ተቋጥሯል። አያቷ የሞቱበትን ዓመት ገለጠች። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ሰንበት፣ እያለ ሙታኑ በክርስትና ስማቸው ተደርድረዋል። በገብረ ሥላሴና በወልደ ሰንበት መካከል፣ መስመር በሌለበት፣ አንድ የተጨናነቀ ጽሑፍ ገብቷል። «ደረጀ፣ ድልድይ ሠሪ፣ እዚሁ አረፉ።» ቀለሙ ትኩስ ነው። የ«ደ» እግር ወደ ውጭ ተጣሟል። በዓለም ላይ «ደ»ን እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኤልዳና!

ሄራን መዝገቡን ዘግታ ቁጭ አለች። ነገሩ አሁን ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ይህን ያህል የሚያስታውቅ ጽሑፍ ሰው ያምነዋል ተብሎ ይጻፋል? የተጻፈው ሊያዝ ነው። መርማሪ ሲመጣ «የመዝገቡ ጸሐፊ ለራሷ አያት መቃብር ቆፈረች» እንዲባል ነው። የሰኔውን የጸሐፊነት ወንበር ለማን ይሰጡት ይሆን? ለሁለተኛዋ ቁልፍ ያዥ ነዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ዛሬም አረፈድሽ?» ስትላት ሰዓት ትይዝባት ነበር ማለት ነው። ሄራን ደብተሯን አውጥታ ኤልዳናን አራተኛ ጊዜ ጻፈቻት። ሦስት ጊዜ አሰመረችባት።

ኤልዳና ምሳዋን የምትበላው ወደቡ ላይ ነው፤ እዚያ ታዛቢ አልተለጠፈም። ሄራን ደርሳ አጠገቧ ቆመች።

«የእኔን ወንበር ይህን ያህል ትፈልጊው ኖሯል?»

ኤልዳና ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰች። «ምን አልሽ?»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። የአንቺን ‹ደ› የማላውቅ መሰለሽ?»

ኤልዳና ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠና አለቀሰች፤ እንባዋን የምትደብቅ ሴት አልነበረችም። «ላድንሽ ብዬ ነው! የዛሬ ሦስት ሳምንት ከመስተንግዶ ቢሮ መርማሪ ይመጣል ሲባል፣ በማግስቱ ገብቼ ጻፍኩት። እሱም ትናንት ማታ አንቺ ከወጣሽ በኋላ መጥቶ ገለጠው። አንቺ ብትሰሚ አትፈቅጂም። ምን ልሁን? ክርስትና ያነሳሽላት ልጄ ‹እትዬ ሄራን ሪባን ታስራለች?› ስትለኝ ምን ልበላት?»

«በዓለም ስሙ!» አለች ሄራን። ድምፅዋ ወጣባት። «ኤልዳና፣ በቀብር መዝገብ ላይ ሰው በዓለም ስሙ ይጻፋል? ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም የዓለም ስም የለም! መርማሪው እንደገለጠው ዓይኑ ውስጥ ነው የገባው!»

ኤልዳና ይህን አላሰበችውም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነው፣ አያትዬው ‹ጋሽ ደረጀ› እንጂ ሌላ ስም እንዳላቸው ትዝ ብሏት አያውቅም። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማን የክርስትና ስም ይጠይቃል? የሚጠየቀው ሬሳ ሲወጣ ነው፤ የእሳቸው ሬሳ ደግሞ የወጣው ማዶ ነው።

«እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ» አለች በመጨረሻ።

ሄራን አጠገቧ ተቀመጠች። ቁጣው ከላይዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ እፍረት ተተካ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሄራን። «በታኅሣሥ ከአርባ አንዱ አንዷ ነበርሽ?»

ኤልዳና መሐረቧን ጨምድዳ ያዘች። «ለውኃው ነው። ልጅ ታማብኝ ውኃ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። አንቺን ይንሳኝ ቁንጥጫ ነው! ቆንጥጬ በሰኔ ልመልሰው ነበር።»

ሄራን ፊቷን ወደ ጀልባው መቆሚያ መለሰች።

«ምነው? ተቀየምሽኝ?»

«እኔ ለጀልባው ነው» አለች ሄራን።

ኤልዳና ዘወር ብላ አየቻት። መጀመሪያ ያመነች አልመሰለም። ቀጥሎ ሁለቱም ሳቁ፤ እንደ ድሮ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም።

«ጋሽ ማክቤልም ነግረውኛል» አለች ኤልዳና። «ለመንገድ መብራቱ ነው አሉ። ያፌት ደግሞ የእድገት ደብዳቤው ስለዘገየበት።»

ሄራን ደብተሯን አሰበች። አርባ ስም። አርባውም አንድ ቀን ተናደው የገቡ፣ እንደ እሷ ጭረው የወጡ ሰዎች ቢሆኑስ? ቤተኞችን የሚወድ አንድ ሰው እንኳ ጣቢያ አራት ውስጥ ባይኖርስ? ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ፈራች። ክፉ ሰው ቢኖር ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ከተገኘ ጣት ይቀሰርበታል። በጀልባና በውኃ በተሰበሰበ አርባ አንድ ድምፅ ማን ላይ ይቀሰራል? አሥራ አራቱ ሃያ ሦስቱን ወለደ፤ ሃያ ሦስቱ ሠላሳ አንዱን። የእሷ ጭረት ደቡብ ቆላ ድረስ ሄዳለች።

«የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ» አለች ኤልዳና፤ እጇን ይዛ። «ቅሬታ እስከ ግንቦት ሠላሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይቻላል። የቀድሞውን በስህተት ተጻፈ ብለን ፍቀን ትክክለኛውን እንጽፋለን። መርማሪው ስም ነው የሚያየው እንጂ አጥንት አይቆፍርም። ንገሪኝ።»

«ኃይለ ገብርኤል» አለች ሄራን።

ግንቦት ሠላሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሄራን መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ማክቤል አውቀው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ያፌት ማሽኑን ከፍቶ አንዲት መስመር ብቻ ነው የሚጠብቀው። ኤልዳና በር ላይ ቆማለች። ሁሉም ሊያድኗት ፈልገዋል፤ ይህንን አሁን ታያለች፤ ሦስቱም ይወዷታል። ኃይለ ገብርኤል ብላ ብትጽፍ ሪባኑ ይቀራል፣ የሰኔው ድምፅዋ ይመለሳል፣ ወንበሯ ይመለሳል።

የ«ኃ»ን አንድ እግር ጻፈች። ከዚያ ሶልያና ትዝ አለቻት። «አመሰግናለሁ» ያለችው። የሶልያናም አያት ማዶ ነው ያረፉት፤ ለሶልያና ግን መዝገብ የሚከፍት ጓደኛ አልነበራትም። መቶ አሥራ ስምንት ሰው እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ እውነቱን ተናግሮ ሄዷል። በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ የሸኘቻቸው ሁሉ ጆሮዋ ላይ መጡባት፤ የገዛ ድምፅዋ አስጠላት። አያቷም «ወደ አገሬ» ያሉት ሰው ናቸው። ሬሳቸውን ከማዶ አንስታ እዚህ መቅበር እጇ እንቢ አላት።

«በይ እንጂ!» አለች ኤልዳና ከበሩ። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረው!»

ሄራን እስክሪብቶውን ከደነች። ቀና ብላ ታዛቢዋን አየችና ጮክ ብላ ተናገረች። «አያቴ ደረጀ፣ ኃይለ ገብርኤል፣ ማዶ ነው ያረፉት። በሸንበቆ መዝገብ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማሽኑ የመዝገቡን መዘጋት በአንዲት አጭር ድምፅ ተናገረ። ያፌት ከሥሩ መሳቢያ ነጭ ሪባን አወጣና በሁለት እጁ ሰጣት።

የሰኔው ውጤት በየቤቱ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ማብዛት አያስፈልግም። ቤተኞች ከመቶ ሠላሳ ሰባት አግኝተው አገሩን መሩ። በጣቢያ አራት ያገኙት ዘጠና ስድስት ነው። ሰዉ መቆንጠጡን ትቶ ነበር፤ በአራቱ ክልሎች እያደገ ከመጣ ፓርቲ ጋር መጣላት አላዋጣውም፤ አንዳንዱም ወደደው። ከዚያው ጣቢያ የወጣ አንድ ሪፖርት ደግሞ በመስተንግዶ ቢሮ ይገኛል። አስፈጻሚዎቹ ለረዥም ሰዓት ቆመው በመዋላቸው ሥራው መጓተቱን፣ የጣቢያው ጸሐፊም ለእንግዳ ክብር በመንፈግ በማግስቱ ከሥራ መሰናበቷንና የአያቷ መዝገብ እንደገና እንዲታይ መታዘዙን ይገልጻል። ምክንያቱን አይዘረዝርም። ምክንያቱ እንዲህ ነበር።

እንግዶች ድምፅ ባይሰጡም በየጣቢያው የክብር ታዳሚ ሆነው እንዲገኙ ተጋብዘዋል። ለእያንዳንዳቸው ሪባን የታሰረበት ወንበር ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሄራን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ሪባኗን ክንዷ ላይ አስራ ገባች። በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጋሽ ማክቤል፣ ያፌት፣ ሁለት የፓርቲ ወኪሎች፤ በእሷ አሮጌ ወንበር ላይ ደግሞ ኤልዳና።

«ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ የተነሱት። ኤልዳና በተቀመጠችበት መዝገቡን ታሰምራለች። ጋሽ ማክቤል በጉሮሯቸው «ኤልዳና! ተነሺ እንጂ!» አሉ። አንዱ ወኪል ወደ ታዛቢዋ አየ። ታዛቢዋ ቀይ መብራቷን አበራች። ሄራን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች፤ ኤልዳና የምታደርገው ነገር ምን እንደሚያስከፍላት ሁለቱም በደንብ ያውቃሉ።

ኤልዳና አንገቷን ከመዝገቡ ሳታነሳ፣ «ዛሬም አረፈድሽ?» አለቻት።

ሄራን ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«አንቺ እዚሁ አድረሽ ነው እንጂ!» አለች።

ሪባን የታሰረበትን ወንበር ከበሩ ሥር አነሳች፤ ወለሉ ላይ እየጎተተች ወስዳ ከኤልዳና ወንበር ጎን አስጠጋችው፤ ቦርሳዋን ጀርባው ላይ ሰቅላ ተቀመጠች። «በእግዜር» አላለችም። ውጭ ሰልፉ መንሾካሾክ ጀምሯል። ጋሽ ማክቤል ጉልበታቸውን እያሻሹ በዓይናቸው ለመኗት፤ እሷ ግን ኤልዳና የምታሰምረውን መስመር ታያለች። የቀሩት አራቱ እንደ ቆሙ ነበሩ።